በሩክያ ሆድ ላይ የሄደችው መስመር

የምነግራችሁ የሰማሁትን አይደለም። በእነዚህ ሁለት ዓይኖቼ ያየሁትን ነው።

ሌሊት አልነበረም። ማክሰኞ ነው፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ... ነቀምት ውስጥ፣ የቤታችን ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ።

እኔ ተማሪ አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ፤ ነገሩን ግን አልገደፍኩም።

እዚህ ቻናል ላይ የጅብና የመቃብር ታሪክ ስትጽፉ አነባለሁ። ጅብ አልፈራም። ጅብ ባለበት ነው ያደግሁት።

እኔን ያስፈራችኝ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ናት።

ዘሪቱ እባላለሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እሸጣለሁ። ከታናሽ እህቴ ከሩክያ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖር። እሷም ባል የላት፣ እኔም ባል የለኝ። ከቤተሰቡ የቀረነው ሁለታችን ነን።

የቤቱ ባለቤት አደ ቀለሟ ናቸው። ደግ ሴት። እኔን ግን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

"ማታ ጃቤቲ" ነው የሚሉኝ። በኦሮምኛ ራሰ ደረቅ፣ ግትር ማለት ነው።

ውሸት አይደለም።

ሕመሙ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የሩክያ ጉልበትና የእጇ አንጓ አበጠ። ሆዷን ይቆርጣታል። አንዳንድ ቀን ደረቷ ያፏጫል። ቆዳዋን ታክካለች... ታክካለች... እስኪደማ።

መስከረም ላይ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሁት ልጅ። ካርዱን እየጻፈ ጠየቀን።

"ኤሳ ዱፍታን?" ከየት መጣችሁ ማለቱ ነው።

"አሱመ" አልኩት። "እዚሁ። ነቀምት ተወልደን ነቀምት ያደግን ነን።"

ሩክያ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ዋሽቼ ነበር።

እኛ የወሎ ልጆች ነን። በሰባ ሰባቱ ድርቅ በመኪና ተጭነን መጥተን ጊዳ አያና ሰፈርን። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ አራት። እዚያ አደግን፣ እዚያ አረስን፣ አባታችንንም እናታችንንም እዚያ ቀበርን። ሰላም ሲጠፋ የለበስነውን ይዘን ነቀምት ገባን።

ከዚያ ወዲህ "ከየት ናችሁ?" ላለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው። ከዚሁ። ሐኪምም ይሁን፣ የሽንኩርት ደንበኛም ይሁን። መልሱ ምን ይዞ እንደሚመጣ አይታወቅማ።

ሐኪሙ ያልኩትን ጻፈ። ስለ እርሻ አልጠየቀም፣ ስለ ጭቃ አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? የከተማ ልጆች ነን ብዬዋለሁ።

ደሟን አዩ። ራጅ አነሷት።

"ቁጣ ነው" አለን። "የመገጣጠሚያና የአንጀት ቁጣ። ጀርም አይደለም። የራሷ ሰውነት ነው በራሷ ላይ የተነሣው።"

ቁጣውን የሚያበርድ ኪኒን አዘዘላት። ትንሽ፣ ነጭ። ፕሬድኒሶሎን ይባላል። በወሩ ተመለሱ አለን።

በሁለት ሳምንት ሩክያ ተነሥታ ልብስ አጠበች! የጉልበቷ እብጠት ሟሸሸ። ማፏጨቱም ቀረ።

እንግዲህ ምን ብዬ እመለሳለሁ? ድናለች። መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶውን እሽግ ይዤ ፋርማሲ እሄዳለሁ፣ ያንኑ ይሰጡኛል። አንድም ቀን አላሳለፍኩባትም። "ዛሬ ልተወው" ስትል አገጯን ይዤ ነው የማስውጣት።

ፊቷ መሙላት ጀመረ።

ሰው ሁሉ ማሻአላህ አለ። አደ ቀለሟ ጉንጯን ቆንጥጠው ሳቁ።

"አንቺ ማታ ጃቤቲ፣ ምን እየመገብሻት ነው? ለእኔም ስጪኝ እንጂ!"

እኔም ሳቅሁ።

ሳጥባት ግን አየሁ...

ፊቷ በሞላ ቁጥር ክንዷ ይቀጥናል። ጉንጯ ያብለጨልጫል፣ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። አንገቷ ላይ የተቀመጠው ፊት የእህቴ ፊት አልነበረም። አንድ ነገር ከታች እየበላት፣ እኛ እንዳናውቅበት ፊቷን እያሰባ ያስቀመጠው ይመስል ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ ከፍራሽ መነሣት አቃታት።

ከዚያ ያቺ ማክሰኞ መጣች።

ከገበያ ቶሎ ተመለስኩ። ሩክያ ፍራሹ ላይ ተንጋላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሆዷን ትመለከታለች።

"ምን ሆንሽ?"

"ዝም በይ..."

"ምንድን ነው?"

"ቀስ ብለሽ ነይ። እንዳትነኪው።"

ከእምብርቷ በስተግራ ቀጭን ቀይ መስመር አለች። ክር የምታህል። ጠመዝመዝ ያለች።

"አክከሽው ነው" አልኳት።

"አላከክሁም።"

"ጥፍርሽ ነው እንግዲያ።"

"ዘሪቱ... ጠዋት እዚህ አልነበረችም። ጠዋት ታች፣ ጭኔ ላይ ነበረች።"

ሳቅሁባት። እስክሪብቶ አምጥቼ የመስመሯ ጫፍ ላይ ነጥብ አደረግሁ።

"ይኸው። ከሄደች እናያለን።"

ወጥቼ ሽንኩርቱን ከፀሐይ አነሣሁ። ውሃ ቀዳሁ። አሱር ሰግጄ ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቢያልፍ ነው።

ነጥቡ ያው እቦታው አለ።

መስመሯ ግን አልፋዋለች።

በአራት ጣት።

"ሌላ ነጥብ አደረግሽ እንዴ?"

"ወላሂ አልነካሁም" አለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራኝ።

"ምን ያንሾካሹክሻል? ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን አለ?"

ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

"ስናወራ... ትቆማለች።"

ዝም አልን።

ቆርቆሮው ተንጣጣ። ውጭ የአደ ቀለሟ ዶሮ ትጭራለች። እኔ ተንበርክኬ ሆዷ ላይ አፈጠጥሁ።

የሰዓት ቆጣሪ ታውቃላችሁ? ሲሄድ አይታይም። ዓይናችሁን ዞር አድርጋችሁ ስትመልሱ ግን ሄዷል።

እንደዚያ ነበረች።

አደ ቀለሟን ጠራሁ። እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ገቡ። ጎንበስ ብለው አዩ።

"የታለ?"

መስመር የለም። የእኔ የእስክሪብቶ ነጥብ ብቻ ነው ያለ።

"አለርጂ ይሆናል" አሉ። ከዚያ የሩክያን ክንድ ያዙና ፊታቸው ተለወጠ። "ወይ ዋቀዮ... ይቺ ልጅ ምን ቀራት? ሐኪም ውሰጃት!"

"ሐኪም አይቷታል። መድኃኒቱን እየወሰደች ነው።"

"ደግሞ ይያታ!"

"መድኃኒቱ ሥራውን ይሠራል፣ አደ ቀለሟ።"

"ማታ ጃቤቲ!" ብለውኝ ወጡ። ያን ቀን አልሳቁም።

ሩክያ እጄን ያዘች።

"ኪኒኑን ልተወው?"

"አትተይም።"

"ስውጠው... ደስ ይላቸዋል።"

"እነማንን?"

 ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግሥቱ በቀን የምትውጠውን ሁለት ኪኒን አራት አደረግሁት። ቁጣው በርትቷል ብዬ ነው። የሚበርደው መድኃኒቱ ሲበዛ ነው ብዬ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ጠዋት ሰውነቷን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ እጄ ቆመ።

እምብርቷ ዙሪያ አምስት ምልክት። ጥቁር ቀይ። አውራ ጣት ተጭኖ የተነሣበት ዓይነት።

"ማን ነካሽ?"

"ማንም።"

"ሩክያ፣ ይሄ የጣት ምልክት ነው! ማን ገባ እዚህ ቤት?"

የራሴን አውራ ጣት አስጠግቼ ለካሁት። ልክክ አለ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሆኑ።

"ከውጭ አይደለም እኮ" አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና። "ከውስጥ ነው የሚጫኑኝ።"

ሰኞ ጠዋት ስታስል የያዝኩላት ጨርቅ ደም ሆነ።

አደ ቀለሟ እኔን አልጠየቁኝም። ባጃጅ ጠርተው፣ ሩክያን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ሆስፒታል ይዘዋት ሄዱ። እኔ ከኋላ ሮጬ ነው የተሳፈርኩ።

የተቀበለን ዶክተር ቀነአ የሚባል ነው። ሽበት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። እሱም ካርዱን ይዞ ጠየቀኝ።

"ኤሳ ዱፍታን?"

"አሱመ" አልኩ።

ደግሜ። እህቴ ደም እየተፋች... ደግሜ።

"አክታዋን ላቦራቶሪ አድርሺ" አለኝ።

ላቦራቶሪ ያለችው ሊሊሴ የምትባል ናት። መስታወቱ ላይ ቀባችና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ቀና አለች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። እንደገና ጎንበስ አለች።

"ይሄ ሰገራ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አክታ ነው። ከአፏ በእጄ የተቀበልኩት።"

"አይሆንም..."

"ምኑ?"

"እዚህ መገኘት የለባቸውም" አለች። ለእኔ አይደለም። ለራሷ ነው።

ነይ እይ አላለችኝም። እኔ ነኝ ትከሻዋን ገፍቼ ዓይኔን ያስጠጋሁ።

ነጭ ብርሃን። መሃሉ ላይ የፀጉር ቁራጭ የሚመስሉ ነገሮች። ሦስት... አምስት... ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። አንዱ ተጠቀለለ። ተዘረጋ። ራሱን ወዲያና ወዲህ አደረገ፣ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ።

ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆሙ።

እኔ ድምፅ አውጥቼ ነበር መሰለኝ።

ሊሊሴ መስታወቱን ይዛ ሮጠች። ዶክተር ቀነአ አይቶ ሲመለስ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

"እትዬ ዘሪቱ፣ ይሄ ትል ነው። ከእርጥብ አፈር በባዶ እግር የሚገባ። አንዴ ከገባ ሠላሳ አርባ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል፣ ሰውየው ሳያውቀው። እንዲህ የሚነሣው ከስንት አንድ ሰው ላይ ነው።" ካርዱን አሳየኝ። "እዚህ ላይ ነቀምት ተወልዳ ያደገች ይላል። እውነቱን ንገሪኝ። ከየት ናችሁ?"

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሞልቷል። አንዱ ሰውዬ ዞር ብሎ እያየኝ መሰለኝ። 

ዶክተሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

"እኔ ዘር አልቆጥርም" አለኝ። "የምቆጥረው ትል ነው። ተናገሪ።"

ተናገርኩ።

ጊዳ አያና። ከሰባ ሰባት ጀምሮ። ከማሳችን ታች ረግረግ አለ፣ ጭቃው ጥቁር ነው፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይውጣል። ሩክያ ከአራት ዓመቷ ጀምራ እዚያ ውስጥ ነው በባዶ እግሯ የዋለች። ጫማ ያደረገችው ካገባች በኋላ ነው።

"ኪኒኑንስ እንዴት ነው የምትወስድ?"

"አንድም ቀን አላቋረጥኩባትም" አልኩ። እንዲያውም ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው ያልኩት። "ሲብስባት ሁለቱን አራት አድርጌላታለሁ።"

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ያ ኪኒን የሰውነቷን ዘበኛ ነው የሚያስተኛው" አለኝ፣ ቀስ ብሎ። "ቁጣ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ቁጣ አልነበረም። ሌባው ቤት ውስጥ ነው፣ ዘበኛው ተኛ። ትሎቹ ሲመቻቸው ተባዙ። አንጀቷን ለቀው ሳንባዋ ገቡ።"

ሦስት ወር ሙሉ... አገጯን ይዤ... በገዛ እጄ ሳበላ የከረምኩት እነሱን ነው።

"መድኃኒት የለውም?"

"አለው። ካልረፈደ።"

የትሉን ኪኒን ሲያመጡት ገና ከሩቅ አወቅሁት።

ጊዳ አያና እያለን በየዓመቱ አንድ ሰውዬ የቁመት መለኪያ ዘንግ ይዞ ቤት ለቤት ይመጣ ነበር። ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ይለካንና በቁመታችን ልክ ኪኒን ያድለናል። የወንዝ ዳር ዝንብ ለሚያመጣው የዓይን በሽታ ነው ይላል። በነጻ።

ያው ኪኒን ነው።

"ምላስሽ ሥር ያዢውና ሲሄድ ትፊው፣ ማህፀን ይዘጋል አሉ" ብዬ ሩክያን ያስተፋኋት እኔ ነኝ። ሰውዬው በመጣ ቁጥር። ትንሽ ልጅ ሆና አይደለም፣ ትልቅ ሴት ሆናም። እምቢ ስትል እቆጣታለሁ።

ያን ቀን አፏን በራሷ ከፈተች። ዋጠችው።

በሁለተኛው ቀን ሳሉ ቀነሰ። በሦስተኛው ትኩሳቷ በረደ። ሊሊሴ መጥታ "እየቀነሱ ነው" አለችኝ። አደ ቀለሟ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ጸለዩ። እኔም በበኩሌ ሱጁድ ወረድኩ።

እኔ ራሴ ነኝ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ሰውነቷን የምጠርግ። ከግንባሯ እስከ እግር ጥፍሯ። ይህን ልብ በሉልኝ። ሌላ ሰው አልነካትም።

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

"ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"ከየት እንደሆንን?"

"አዎ እህቴ። ሁሉንም።"

"እሰይ..." አለች። ያ የሞላ ፊቷ ላላ አለ፣ ለትንሽ ጊዜ የራሷ ፊት ተመለሰ። "ደክሞኝ ነበር፣ ዘሪቱ።"

አምስት ሰዓት ላይ ትንፋሿ ቆመ።

ዶክተር ቀነአ ሳንባዋ አልቻለም አለኝ። ረፍዶ ነበር አለኝ። ጥፋቱን በእኔ ላይ አላደረገም። ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ይሄ ድረስ ያለውን ሐኪም አስረድቶኛል፣ ገብቶኛል። የቀረውን ግን ማንም አላስረዳኝም።

ሬሳዋን ወደ ቤት አመጣናት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የሰፈራችንን እስላም ሴቶች ሬሳ የሚያጥቡ እማማ ዘሃራ የሚባሉ አሮጊት አሉ። እሳቸውና እኔ ብቻ ገባን። አደ ቀለሟ ውጭ ሆነው ውሃ ያሞቃሉ፣ በመጋረጃው ሥር በጆግ በጆግ ያቀብሉናል።

ሬሳ ሲታጠብ ቁጥሩ ጎደሎ ነው። ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ካልጠራ አምስት። ካልጠራ ሰባት።

ከሥሯ ነጭ ላስቲክ አነጠፍን፣ ውሃው በበሩ ወደ ግቢው እንዲወጣ።

ራሷን አጠብን። ውሃው ንጹሕ ነው።

ደረቷን፣ ሆዷን አጠብን። መስመር የለም። የጣት ምልክቶቹም ደብዝዘዋል። ውሃው ንጹሕ ነው።

እማማ ዘሃራ እግሯን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጡ።

እጃቸው ቆመ።

የሩክያ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። ጥቁር ጭቃ። በጣቶቿ መሃል የገባ። ጥፍሯ ሥር የገባ። አልደረቀም... ያብለጨልጫል።

ነቀምት አፈሩ ቀይ ነው። ታኅሣሥ ማብቂያ ደግሞ ጠብታ ዝናብ የለም፣ አቧራ ነው።

እማማ ዘሃራ ጆጉን አነሡ። አጠቡት። ሦስት።

ውሃው ላስቲኩ ላይ ጠቁሮ ወረደ።

አምስት።

ጠቁሮ ወረደ።

"ዘሪቱ..." አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

"አቤት እማማ።"

"ይቺ ልጅ አልጋ ላይ አልነበረችም?"

"ከኅዳር ጀምሮ መሬት አልረገጠችም።"

"እና የት ውላ ነው?"



ስድስተኛውን ራሳቸው አፈሰሱ። በሁለቱ ጣቶቿ መሃል የተጣበቀ ነገር ነበር፣ ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የረግረግ ሣር ቅጠል ነው። አረንጓዴ። እርጥብ።

ሰባተኛውን ጆግ እኔ ያዝኩ።

ቀስ አድርጌ አፈሰስኩት። ውሃው በእግሯ ላይ ወረደ፣ ላስቲኩን ተከትሎ ሄደ፣ በመጋረጃው ሥር ወጣ፣ ቀዩ ግቢ ላይ ፈሰሰ... እንደ መጀመሪያው ጥቁር።